ሼል የጀመረው ዛጎል በመሸጥ ነው

የሼልን ቢጫና ቀይ አርማ የማያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም፣ ግን አንድ የነዳጅ ኩባንያ ከስንት ነገር መሀል የባህር ዛጎልን ለምን ምልክቱ አደረገ የሚለውን ብዙዎቻችን ጠይቀን አናውቅም። ሼል ማለት በእንግሊዝኛ ዛጎል ማለት ነው፣ ቤተሰቡም ንግድ ሲጀምር የሚሸጠው እውነተኛ ዛጎል ነበር። የዚህን ኩባንያ ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር የሚገርመኝ ነገር አለ፣ ትልልቅ እርምጃዎቹ አብዛኞቹ «ነዳጅ የት አለ» ከሚለው ጥያቄ ይልቅ «ያለውን እንዴት አድርገን እናድርስ» ከሚለው የመጡ ናቸው። ስለዚህ ታሪኩን በዚሁ መንገድ ላስረዳችሁ፣ ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በ1833 ማርከስ ሳሙኤል የሚባል ሰው በምሥራቅ ለንደን አሮጌና ብርቅ ዕቃ የሚሸጥበት ትንሽ ሱቅ ነበረው። የጊዜው ሰው ቤቱን በዛጎል ማስጌጥ ይወድ ስለነበር ከሩቅ ምሥራቅ ዛጎል ማስመጣት ጀመረ፣ በዛጎል የተለበጡ ትንንሽ ሳጥኖችም ይሸጥ ነበር። ከዛጎሉ ትርፍ በላይ የጠቀመው ግን ከእስያ ወደቦች ጋር ያገኘው ትውውቅ ነው። ልጆቹ ማርከስና ሳሙኤል (አዎ፣ የታናሹ ሙሉ ስም ሳሙኤል ሳሙኤል ነው) ንግዱን ሲረከቡ ከእንግሊዝ ማሽንና ጨርቃ ጨርቅ ይልካሉ፣ ከእስያ ደግሞ ሩዝና ሌላ ሌላ ሸቀጥ ያመጣሉ፣ በየወደቡም እምነት የሚጣልባቸው የንግድ ወኪሎች አሏቸው። ይሄን ያዙልኝ፣ ኋላ ወሳኝ ይሆናል።

በዚያ ዘመን ነዳጅ ሲባል የመኪና ነገር እንዳይመስላችሁ፣ ነዳጅ ማለት የመብራት ላምባ ነበር፣ ነጭ ጋዝ የምንለው። ቤንዚን እንዲያውም ላምባው ሲጣራ የሚተርፍ፣ ብዙ ፈላጊ የሌለው ነገር ነበር። የዓለምን የላምባ ገበያ አንቆ የያዘው የአሜሪካው የሮክፌለር ስታንዳርድ ኦይል ነው። ወደ እስያ የሚላከው ላምባ በቆርቆሮ ጣሳ ይሞላል፣ ሁለት ጣሳ፣ እያንዳንዱ አምስት ጋሎን የሚይዝ (19 ሊትር ገደማ)፣ በአንድ የእንጨት ሳጥን ይታሸጋል፣ ሳጥኑ መርከብ ላይ ይደረደራል። አስቡት፣ ከላምባው ጋር እንጨትና ቆርቆሮ ጭነህ ግማሽ ዓለም ታቋርጣለህ፣ በሳጥኖቹ መሀል ባዶ ቦታ ይባክናል፣ አንዳንዱ ጣሳ ያፈሳል፣ ሲጫንና ሲራገፍ ደግሞ እያንዳንዱ ሳጥን የሰው ጉልበት ይፈልጋል።

በ1890 ልጁ ማርከስ ወደ ጥቁር ባህር ሄዶ ባቱም ወደብ ላይ ላምባ ያለምንም ጣሳ በሆዳቸው የሚጭኑ መርከቦችን አየ። ሐሳቡ አዲስ አልነበረም፣ የኖቤል ወንድሞች በ1878 ዞሮአስተር የሚባለውን ታንከር ካስፒያን ባህር ላይ አሰማርተው ነበር። ማርከስ የገባው ሌላ ነገር ነው፣ እንዲህ ያለ መርከብ በስዊዝ ካናል በኩል ቢያልፍ አፍሪካን መዞር ቀርቶ የሩሲያ ላምባ ከአሜሪካው ባነሰ ወጪ እስያ ይገባል። ችግሩ የካናሉ አስተዳደር በደህንነት ምክንያት ለታንከር ፈቃድ አይሰጥም ነበር፣ እውነት ለመናገር ፍርሃቱ መሠረት ነበረው። ላምባ ሙቀት ሲያገኝ ይስፋፋል፣ ቀይ ባህር ላይ ደግሞ ሙቀቱ ከባድ ነው፣ ታንኩ ጢም ብሎ ከተሞላ የሚሄድበት ስለሌለ ታንኩን ያስጨንቀዋል፣ ጎደል ካለ ደግሞ መርከቡ ሲናወጥ ፈሳሹ በጅምላ ወዲያና ወዲህ እየተላጋ መርከቡን ሊገለብጥ ይችላል፣ በላዩ ላይ የሚቀጣጠለው ተን አለ። መፍትሄው የመርከቡን ሆድ በግድግዳ ከፋፍሎ ብዙ ታንክ ማድረግና ፈሳሹ ሲያብጥ የሚወጣበት ጠባብ ቦታ ከላይ መተው ነው። ፎርተስኪው ፍላነሪ የሚባል መሐንዲስ በዚህ መንገድ ሙሬክስን ነደፈ፣ ሙሬክስ የዛጎል ዓይነት ስም ነው፣ ማርከስ የአባቱን ንግድ እያስታወሰ መርከቦቹን ሁሉ በዛጎል ስም ነበር የሚጠራቸው፣ ኮንክ፣ ክላም እያለ። በ1892 ኦገስት ሙሬክስ 4,000 ቶን የሩሲያ ላምባ ይዛ በስዊዝ ካናል በማለፍ የመጀመሪያዋ ታንከር ሆነች፣ ጉዞዋ ወደ ሲንጋፖርና ባንኮክ ነበር።

ሌላም ብልሃት ነበረበት። ታንከር ላምባውን ካራገፈ በኋላ ባዶውን መመለስ ኪሳራ ነው፣ ስለዚህ ታንኮቹን በእንፋሎት አጥበው የእስያ ሸቀጥ ጭነው ይመለሱ ነበር። በየወደቡ ያሉት የድሮ ወኪሎችም እዚህ ጋ ነው የጠቀሙት። የስታንዳርድ ኦይል ዘዴ ተፎካካሪ ባለበት አገር ዋጋ እስከ ኪሳራ ድረስ ማውረድና ጉዳቱን በሌላ አገር ትርፍ ማካካስ ነው፣ ሳሙኤሎች ደግሞ በአንድ አገር ቢጀምሩ እዚያው ታንቀው እንደሚቀሩ ስላወቁ በብዙ ወደብ ማጠራቀሚያ ታንክ ቀድመው በምስጢር አሠርተው ሁሉም ቦታ በአንድ ጊዜ ገቡ።

አሁን የምነግራችሁ ነገር ከሁሉም በላይ የምወደው ነው። ላምባው በርካሽ ደረሰ፣ ሳሙኤሎች ደንበኛው የራሱን ዕቃ ይዞ መጥቶ ያስቀዳል ብለው ጠበቁ፣ ገዢ ግን የለም። ለምን? ሕዝቡ የሚፈልገው ላምባውን ብቻ አልነበረማ፣ ጣሳውንም ነው። የስታንዳርድ ሰማያዊ ጣሳ ላምባው ሲያልቅ የጣራ ክዳን ይሆናል፣ ኩባያ ይሆናል፣ ማሰሮ ይሆናል፣ ብቻ የማይሆነው ነገር የለም። ማርከስ ይሄን ሲሰማ ጊዜ ሳያጠፋ ጣሳ የሚሠሩ አነስተኛ ፋብሪካዎች እዚያው እስያ አስከፈተ፣ ጣሳዎቹንም ቀይ ቀለም አስቀባቸው፣ ከአሜሪካ በመርከብ ተንከራቶ ከመጣው ሰማያዊ ጣሳ ይልቅ እዚያው ተሠርቶ የሚያብረቀርቀው ቀዩ ገበያውን ወሰደው። ትልቁን ቴክኖሎጂ ይዘህ ገዢው ቤቱ ሲገባ በምን ዕቃ እንደሚያስቀምጠው ካላሰብክ ዋጋ የለውም። በ1897 ሼል ትራንስፖርት ኤንድ ትሬዲንግ ተብሎ ኩባንያው ተመሠረተ፣ ስሙን ራሱ ልብ በሉ፣ «ማጓጓዝና ንግድ» ነው የሚለው፣ ቁፋሮ የሚል ቃል የለበትም። በ1902 በስዊዝ ካናል ከሚያልፈው ነዳጅ 90 በመቶው የማርከስና የማህበርተኞቹ ነበር።

ቁፋሮው ከሌላ ወገን ነው የመጣው። በ1880 ሱማትራ ደሴት ላይ (የዛሬዋ ኢንዶኔዥያ፣ ያኔ በሆላንድ ቅኝ ግዛት ሥር) አይልኮ ዛይልከር የሚባል የትምባሆ እርሻ ሰው ማታ ዝናብና ማዕበል ይዞት አንድ ጎጆ ይጠለላል። እዚያ ያለው ዘበኛ የለኮሰው ችቦ ከተለመደው ችቦ ሁሉ የበለጠ ሲንቦገቦግ አይቶ ምን ቀባኸው ይለዋል፣ ሰውየውም ኩሬ ላይ ከሚንሳፈፍ ነገር የወሰደው መሆኑን ይነግረዋል። ዛይልከር ጠዋት ሄዶ ያየዋል፣ ነዳጅ ነው። ከዚያ ለዓመታት ገንዘብ ሲለምንና ሲቆፍር ቆይቶ በ1885 ጉድጓዱ ሠራ። በ1890 በሆላንዱ ንጉሥ ፈቃድ ሮያል ደች ተቋቋመ፣ ዛይልከር ግን በዚያው ዓመት መጨረሻ ሲንጋፖር ላይ በድንገት ሞተ። ኩባንያውን ከውድቀት ያዳነው ከስለር የሚባል ሰው ነው፣ በጫካው ውስጥ ቧንቧ ዘርግቶ በ1892 ነዳጁን ማጣሪያው ድረስ አደረሰ፣ ከሱ በኋላ በ1900 ሄንሪ ዴተርዲንግ መሪ ሆነ፣ ቁጥር እንደ ውሃ የሚጠጣና ለድርድር የተፈጠረ ሰው።

ማርከስ የራሱ ጉድጓድ ስለሌለው ሁሌ በሌላ ሰው ነዳጅ ላይ ነው የተንጠለጠለው። በ1901 ቴክሳስ ስፒንድልቶፕ ላይ ነዳጅ ሲፈነዳ የ20 ዓመት ኮንትራት ፈረመ፣ መርከቦቹንም ለዚያ አዘጋጀ፣ ግን ሰው ሁሉ እንደ ጉንዳን ተሻምቶ ስለቆፈረው የመሬት ውስጥ ግፊቱ ቶሎ ወደቀና ምርቱ በዓመት ገደማ አሽቆለቆለ። አጓጓዥ የሚጓጓዝ ነገር ሲያጣ ይሄ ነው የሚሆነው። በ1907 ከሮያል ደች ጋር ተዋሃደ፣ 60 በመቶ ለሮያል ደች፣ 40 በመቶ ለሼል፣ ስሙና አርማው ግን የሼል ሆኖ ቀረ። ሁለቱ እናት ኩባንያዎች በወረቀት ተለያይተው እስከ 2005 ድረስ በዚህ ድርሻ ኖረዋል፣ ብዙ ሰው ይሄን አያውቅም።

ከዚያ በኋላ መኪናና አውሮፕላን መጡ፣ ጥያቄውም ተቀየረ። የኦክቴን ነገር ብዙ ጊዜ ይጠየቃል፣ በቀላሉ ላስረዳ። ሞተር ውስጥ ቤንዚንና አየር ተደባልቆ ይጨመቃል፣ ከዚያ በእሳት ፍንጣሪ ይቀጣጠላል። የበለጠ ከጨመቅከው የበለጠ ጉልበት ታገኛለህ፣ ግን ሲጨመቅ ስለሚሞቅ ተራ ቤንዚን እሳቱ በደንብ ሳይደርሰው በራሱ ይፈነዳል፣ ሞተሩ ይንኳኳል፣ ሲብስም ይሰበራል። ኦክቴን ማለት ቤንዚኑ ይሄን ያህል ተጨምቆ በራሱ ሳይፈነዳ የመቆየት አቅሙ ነው። ጂሚ ዱሊትል የሚባለው ዝነኛ ፓይለት በ1930 የአሜሪካ ሼል የአቪዬሽን ክፍል ኃላፊ ሆኖ ገባና ባለ 100 ኦክቴን ቤንዚን እናምርት ብሎ ሙጭጭ አለ፣ ያኔ ይሄን ነዳጅ የሚፈልግ ሞተር በገበያ የለም፣ ዋጋውም ውድ ነው። ሼል ሰማው፣ በ1934 ለአሜሪካ ጦር አቀረበ። በ1940 የእንግሊዝ ተዋጊ አውሮፕላኖች ባለ 100 ኦክቴን ይዘው ሲገጥሙ ያው ሞተር ያለ ትልቅ ለውጥ ተጨማሪ ጉልበት ሰጣቸው። ነዳጁ ከአንድ ኩባንያ ብቻ የመጣ አይደለም፣ ግን ፈላጊው ሳይመጣ ቀድሞ ለማምረት የደፈረ ሰው ባይኖር በሰዓቱ አይደርስም ነበር።

በ1942 ደግሞ ጋስ አርቺ የሚባል የሼል መሐንዲስ አንድ አጭር ቀመር አሳተመ፣ እስከዛሬ የነዳጅ ተማሪ ሁሉ የሚማረው። መጀመሪያ አንድ ነገር እናስተካክል፣ ነዳጅ መሬት ውስጥ እንደ ሐይቅ ተጠራቅሞ አይደለም የሚገኘው፣ እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ ባለው ድንጋይ ውስጥ ነው ያለው። ታድያ ጉድጓድ ቆፍረህ ሁለት ኪሎሜትር ስር ያለው ድንጋይ ቀዳዳው ውስጥ ውሃ ይሁን ነዳጅ በምን ታውቃለህ? የሽሉምበርገር ወንድሞች በ1927 ፈረንሳይ ውስጥ የኤሌክትሪክ መለኪያ በገመድ ጉድጓድ ውስጥ ማውረድ ጀምረው ነበር። ጨዋማ ውሃ ኤሌክትሪክ ያሳልፋል፣ ነዳጅ አያሳልፍም። አርቺ ያደረገው የድንጋይ ናሙናዎችን እየለካ የቀዳዳውን ብዛት፣ የውሃውን ጨውነትና የኤሌክትሪኩን መጠን በአንድ ቀመር ማያያዝ ነው፣ ስለዚህ «እዚህ የሆነ ነገር አለ» ከማለት አልፎ ከቀዳዳው ይሄን ያህሉ ውሃ፣ ቀሪው ነዳጅ ማለት ተቻለ። ቀመሩን ደብቆ ሳይይዝ አሳተመው፣ ይሄን አከብርለታለሁ።

ወደ ባህር እንሂድ። በባህር ላይ መቆፈር ሲጀመር መድረኩ እግሩን የባህር ወለል ላይ ተክሎ ነበር የሚቆመው፣ ውሃው በጠለቀ ቁጥር እግሩ ይረዝማል፣ ወጪው ሰማይ ይነካል። መርከብ ላይ ሆኖ መቆፈር ደግሞ ማዕበሉ ከፍ ዝቅ ሲያደርግህ መቆፈሪያው አብሮ ይነሳል ይወድቃል። ብሉ ዎተር የሚባል ሪግ (የባህር ላይ መቆፈሪያ መድረክ) ነበር፣ አራት ትልልቅ ዓምዶች ከስር በታንክ የተያያዙ፣ የተሠራው ወለሉ ላይ ተቀምጦ እንዲቆፍር ነው። ከቦታ ቦታ ሲጎተት ግን ታንኮቹ ብቻቸውን ስለማይሸከሙት ግማሽ ሰምጦ ነበር የሚሄደው፣ ያኔ ሰዎቹ ሪጉ እምብዛም እንደማይናወጥ አስተዋሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፣ የማዕበል ኃይል ያለው ላዩ ላይ ነው፣ ወደ ታች በወረድክ ቁጥር ውሃው ይረጋል፣ ተንሳፋፊው ክፍል ከስር ካለና ላዩን የሚያልፉት ቀጭን ዓምዶች ብቻ ከሆኑ ማዕበሉ የሚገፋው ብዙ ነገር አያገኝም። የሼል መሐንዲስ ብሩስ ኮሊፕ በዚህ ላይ ሠርቶ በ1961 ገደማ እየተንሳፈፈ እንዲቆፍር አደረጉት፣ ዛሬ ከፊል ሰማጭ የሚባሉት ሪጎች ሁሉ አያታቸው ይሄ ነው።

ከዚያ በ1963 ሼል ያልተጠበቀ ነገር አደረገ፣ ተፎካካሪዎቹን ጠርቶ በክፍያ ትምህርት ሰጣቸው፣ ለእያንዳንዱ ኩባንያ 100,000 ዶላር። ምስጢርን መሸጥ ሊመስል ይችላል፣ ግን ስሌት አለው። ጥልቅ ውሃ ላይ መሥራት የሚችል አንድ ኩባንያ ብቻ ከሆነ መንግሥት ቦታውን ለጨረታ ላያወጣው ይችላል፣ ሪግ የሚሠሩ ኮንትራክተሮችም ለአንድ ደንበኛ ብለው ገንዘብ አያፈሱም። ሼል ብቻውን እንዳይቀር መንገዱን ለሌላውም ከፈተ። ከዚያ ወዲያ በ1988 ቡልዊንክል የሚባለው ቋሚ መድረክ 412 ሜትር ጥልቀት ላይ ቆመ፣ በ2010 ፐርዲዶ የሚባለው ተንሳፋፊ 2,450 ሜትር ገደማ ውሃ ላይ ሥራ ጀመረ፣ ሁለቱም ሜክሲኮ ባህረ ሰላጤ ላይ።

(እግረ መንገዴን፣ በዜና በየቀኑ የምንሰማው «ብሬንት» የሚባለው የነዳጅ ዋጋ ከየት መጣ ለሚል፣ ሼል የሰሜን ባህር ማሳዎቹን (ነዳጅ የሚወጣባቸውን ቦታዎች) በውሃ ወፎች ስም ነበር የሚሰይማቸው፣ ብሬንት የዝይ ዓይነት ነው፣ ማሳው በ1971 ተገኘ። መርከቡ በዛጎል፣ ማሳው በወፍ።)

ጋዝ ከነዳጅ ይልቅ ለማጓጓዝ አስቸጋሪ ነው፣ ቦታ ይይዛል፣ ቧንቧ ደግሞ ውቅያኖስ አያቋርጥም። መፍትሄው ማቀዝቀዝ ነው፣ ሚቴን 162 ዲግሪ ከዜሮ በታች ሲደርስ ፈሳሽ ይሆናል፣ መጠኑም ወደ 600 እጥፍ ያንሳል። ተራ ብረት በዚያ ብርድ እንደ ብርጭቆ ይሰበራል፣ ስለዚህ በ1959 ከሉዊዚያና ወደ እንግሊዝ የሄደችው የመጀመሪያዋ መርከብ ሚቴን ፓዮኒር የአሉሚኒየም ታንክና የባልሳ እንጨት መከላከያ ነበራት። ሼል በቀጣዩ ዓመት ገባበትና ኩባንያው ኮንክ ተባለ፣ አሁንም ዛጎል። በ1964 ከአልጄሪያዋ አርዜው መደበኛው የንግድ ጉዞ ተጀመረ። የዚህ መስመር ጫፍ ፕሪሉድ ነው፣ አውስትራሊያ አጠገብ ያለ 488 ሜትር ርዝመት ያለው ተንሳፋፊ ፋብሪካ፣ ጋዙን ከስር አውጥቶ እዚያው ባህር ላይ ወደ ፈሳሽ ቀይሮ መርከብ ላይ ይጭናል። የመጀመሪያ ጭነቱ የወጣው በ2019 ጁን ነው፣ በ2021 ዲሴምበር እሳት ተነስቶ መብራት ሲጠፋበት ግን ለወራት ቆመ፣ ሁሉን ነገር አንድ ጀልባ ላይ የማድረግ አደጋው ያ ነው።

እስካሁን ጥሩ ጥሩውን ነው ያወራሁት፣ እዚህ ላይ ማቆም ግን ልክ አይሆንም። ሆላንድ ውስጥ ግሮኒንገን ላይ በ1959 ሼልና ኤሶ በጋራ ያገኙት ጋዝ አገሪቷን ለአሥርት ዓመታት አሞቀ፣ ግን ጋዙ ሲወጣ ድንጋዩ ውስጥ ያለው ግፊት ይቀንሳል፣ ከላይ ያለው ክብደት ድንጋዩን ይጨፈልቀዋል፣ የቆዩ ስንጥቆች ይንሸራተታሉ፣ መሬት ይንቀጠቀጣል። በ2012 ሁይዚንገ ላይ 3.6 የደረሰው መንቀጥቀጥ የብዙ ሰው ቤት ሰነጠቀ፣ ማሳው በ2023 ማምረት አቁሞ በ2024 በሕግ ተዘጋ፣ ከመሬት ውስጥ ብዙ ጋዝ እያለ።

ናይጄሪያ ግን የባሰ ነው። በ1956 ኦሎይቢሪ ላይ ነዳጅ ተገኘ፣ በ1958 ኤክስፖርት ተጀመረ፣ ኒጀር ዴልታም በቧንቧ ተሸፈነ። ያ ረግረግ ዓሣ የሚወጣበት፣ ሰው ውሃ የሚቀዳበት ቦታ ነው፣ ቧንቧ ሲያፈስ ነዳጁ የሚሄደው ወደ ሰው ማሰሮ ነው። የኦጎኒ ሕዝብ ተቃወመ፣ ሼል በ1993 ከኦጎኒ ወጣ፣ በ1995 ኖቬምበር 10 ደግሞ የተቃውሞው መሪ ኬን ሳሮ-ዊዋ ከስምንት ጓደኞቹ ጋር በወታደራዊው መንግሥት ተሰቀለ። በ2011 የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም ቦታውን መርምሮ በአንድ መንደር የጉድጓድ ውሃ ውስጥ ቤንዚን የሚባለው ካንሰር አምጪ ኬሚካል (የመኪናው ቤንዚን አይደለም፣ ስሙ ነው የተመሳሰለው) የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው ልክ ከ900 እጥፍ በላይ ሆኖ አገኘው፣ ጽዳቱ ከ25 እስከ 30 ዓመት ሊፈጅ ይችላል አለ። ሼል የሚለው አብዛኛው ፍሳሽ ከስርቆትና ቧንቧ ከመቁረጥ የመጣ ነው፣ ስርቆት መኖሩም እውነት ነው፣ ግን ያው ምርመራ ኩባንያው የራሱን የጥገናና የጽዳት ደንብ ሳይከተል መቅረቱንም ጽፏል። ቦዶ የሚባለው መንደር በ2008 ሁለቴ ነዳጅ ፈሶበት ለንደን ድረስ ሄዶ ከሰሰ፣ በ2015 ሼል 55 ሚሊዮን ፓውንድ ለመክፈል ተስማማ።

ውቅያኖስ ላይ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ሜትር ገደማ ውሃ ውስጥ መሥራት የቻለ ኩባንያ አንድ መንደር አጠገብ ያለፈ ቧንቧ እንዳያፈስ ማድረግ ቴክኖሎጂው ጠፍቶት ነው ብዬ ለማመን ይቸግረኛል። በ2025 ማርች ሼል የናይጄሪያውን የየብስ ሥራ ሬኔሳንስ ለሚባል ጥምረት ሸጦ ጨረሰ፣ ቧንቧዎቹም አብረው ተላለፉ፣ የኦጎኒ ጽዳት ግን ያኔ ገና አላለቀም ነበር።